አዋላጅና ስድስቱ ባልዲዎች

የወንድሜ ሚስት በዕድሜዋ አንድም ሕፃን አዋልዳ አታውቅም። እንዲያውም ደም ስታይ ራሷን ያዞራታል። በምርምር መሥሪያ ቤታችን ግን ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ድረስ «አዋላጅ» ብሎ የማይጠራት የለም። አዲስ የተቀጠረ ሰው የፈረቃ ዝርዝር ላይ እውነተኛ ስሟን ሲያነብ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ዋርሳዋ ስለሆንኩ «እትዬ» እላታለሁ። ላናድዳት ስፈልግ ብቻ እኔም እንደ ሰዉ አዋላጅ እላታለሁ።

የምታዋልደው በቆሎ ነው። በቆሎ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ አገዳ ላይ ይዞ ይበቅላል። ወንዱ አናቱ ላይ የሚዘረጋው አበባ ሲሆን ሴቷ ወገቡ ላይ የምትወጣው ባለ ጸጉሯ እሸት ናት። ነፋስ እንዳሻው ከተተወ ከአናቱ የሚረግፈውን ቢጫ ብናኝ ወስዶ ጎረቤት ጸጉር ላይ ይበትነዋል፤ ማን ከማን እንደተወለደም የሚያውቅ አይኖርም። የእሷ ሥራ ይህ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። እሸቷ ጸጉር ሳታወጣ በወረቀት ከረጢት ትሸፍናታለች፣ የአናቱንም አበባ እንደዚሁ። ጠዋት የአናቱን ከረጢት መታ መታ አድርጋ ብናኙን ታራግፋለች፣ የታዘዘችው ጸጉር ላይ ታፈሰዋለች፣ መልሳ ትሸፍናለች፣ ቀኑን ትጽፋለች። ወደሚቀጥለው ከማለፏ በፊት እጇን በአልኮል ትጠርጋለች፣ ሽርጧን ትቀይራለች። አንዷን በቆሎ ጨርሳ ወደ ሌላዋ እስክትደርስ እኔ አንድ ማራገቢያ ፈትቼ እገጥማለሁ፤ እኔ ችኩል ነኝ፣ እሷ ዝግተኛ ናት።

እዚያ ቤት የገባችው በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ወለል ስትወለውል የአንዱ በቆሎ ከረጢት ከሥር ተቀዶ ታያለች። የወቅቱ ተመራማሪ ሲገባ መወልወያዋን እንደያዘች «ጌታዬ፣ ያቺ ከትናንት ጀምሮ ክፍት ናት፤ ልጇን አይመኑት» አለችው። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀና ሽርጥ ሰጣት። እኔንም ከዓመታት በኋላ የጥገና ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናት። «ይሄ ዋርሳዬ እጁ ወርቅ ነው፣ ብቻ ነገ ማለት ይወዳል» ብላ ነው ያስተዋወቀችኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

በእነዚያ ሃያ ስድስት ዓመታት በእጇ ዘር ተቀላቅሎ አያውቅም። ይህንን እሷ አትናገረውም፣ ሌላው ነው የሚናገረው። ሌላ ቦታ ሙከራ የተበላሸበት ተመራማሪ ሁሉ ወደ እኛ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አዋላጅ ታዳቅልልኛለች?» ብሎ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የመጣችው ተመራማሪም እንዲሁ ጠይቃ ነው የገባችው። ፈጣን ናት። ስትናገር ቃላቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ፣ ምሳዋንም ቆማ ነው የምትበላው። ከውሃ ፓምፑ ክፍል ጀርባ እኛ የምንቀመጥባት አግዳሚ ላይ አንድ ቀን እትዬ በግድ አስቀመጠቻትና ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት። ተመራማሪዋ እንደሚከተለው አስረዳችን። በወንዱ አበባ ውስጥ ብናኙ በሚበጅበት ሰዓት ትንንሽ አር ኤን ኤ የሚባሉ ነገሮች በብዛት ይፈላሉ። ከትልልቆቹ ጋር ሲተያዩ ቁርጥራጭ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሃያ አንድ፣ አንዳንዶቹ ሃያ አራት ፊደል ብቻ። ባለ ሃያ አራቶቹን እየለካ የሚቆርጥ አንድ ፕሮቲን አለ። እሷ ያንን ቆራጭ የሚሠራውን ጂን አጥፍታዋለች። ቆራጩ ሲጠፋ ቁርጥራጮቹ ይጠፋሉ፣ ቁርጥራጮቹ ሲጠፉ ወንዱ አበባ ይኮሰምናል፣ ብናኝም አይሰጥም። ቁርጥራጮቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ግን በሙሉ የሚያውቅ ሰው ገና የለም፤ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

«ታዲያ ወንዱን መካን አደረግሽው» አለች እትዬ።

ተመራማሪዋ አዎ አለች። ሴቷ ግን ምንም አልሆነችም፤ ከሌላ ብናኝ ካገኘች ጥሩ አድርጋ ትወልዳለች። ዘር አምራቾች ይህንን ይፈልጉታል፣ ምክንያቱም ዲቃላ ዘር ለማውጣት በየማሳው የወንዱን አበባ በሰው እጅ እየነቀሉ ነው የሚውሉት። እኔ በልቤ ሰው ስንት ነገር ያስባል አልኩ። እትዬ ደግሞ መካን ከሆነ የራሱን ዘር ከየት እያመጣችሁ ትዘሩታላችሁ ብላ ጠየቀች። ተመራማሪዋ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ጣጣው እሱ ነው አለች፤ ከግማሽ ጤነኛ ዘመዱ ጋር እያዳቀሉ፣ ከሚወለዱት መካኖቹን እየለቀሙ ነው፤ አድካሚ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተዋደዱ።

በሁለት ዙር መካኖቹ እንደተባለው መካን ሆኑ። እትዬ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ከረጢት ራሳቸው ጸጉር ላይ ታራግፋለች፣ ምንም አይወጣም፤ በመጨረሻ እሸቱ ሲላጥ ፍሬ የሌለው ራሰ በራ ቆረቆንዳ ነው። በሦስተኛው ዙር ነው ነገሩ የመጣው። ለዚያም ጥፋቱ የተጀመረው ከእኔ ነው።

በቆሎው በሚበቅልበት የመስታወት ቤት አንድ ጎን የካርቶን ግድግዳ አለ፤ ውሃ በላዩ ሲወርድበት ይውላል። ትይዩው ላይ ያሉት ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች አየሩን በዚያ እርጥብ ካርቶን በኩል ይስቡታል፣ አየሩም ቀዝቅዞ ይገባል። የአንዱ ማራገቢያ ቺንጋ፣ ሞተሩ የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ፣ መሰንጠቁን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳየው ከርሜ ነበር። ነገ አልኩ። ሐሙስ ቀን ተበጠሰ። አዲሱ ቺንጋ እስኪመጣ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ እነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ደግሞ የዓመቱ ሙቀት ሁሉ ተሰብስቦ የመጣባቸው ነበሩ። ተመራማሪዋ እናቷ ቀዶ ሕክምና ስለነበረባቸው ሌላ ከተማ ሄዳለች። በሩ ላይ በትልቁ «ባልዲ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፏል፤ በቆሎው አንድ አንድ ሆኖ በባልዲ የተተከለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባልዲ የቆመበት ቦታ በዕጣ የወጣ ስለሆነ ማንም እንደ ፍላጎቱ አያዛውርም።

ቺንጋው በተበጠሰበት ቀን እኩለ ቀን ላይ እትዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። መስታወቱ ሥር ካሉት መካኖች መካከል ስድስቱ ቅጠላቸውን እንደ ሲጋራ ጠቅልለዋል፤ ፀሐይዋ በቀጥታ የምታርፈው እነሱ ላይ ነው። ገና አበባቸው አልወጣም፣ አገዳው ውስጥ ተደብቆ እየተሠራ ያለበት ጊዜ ነበር። «ዋርሳዬ፣ ልጅቷ አምናኝ ሄዳ ስድስት ሬሳ ላስረክባት ነው» አለችኝ። ቺንጋው የተበጠሰው በእኔ ነገ ባይነት ስለነበር እንቢ ማለት አልቻልኩም። ስድስቱን ባልዲ ለሁለት እየተሸከምን ወደ እርጥቡ ግድግዳ ወሰድናቸው። በማግስቱ ቅጠላቸው ተዘረጋ። ቺንጋው ሲመጣ፣ ተመራማሪዋ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ እያንዳንዱን በየዕጣው ቦታ መልሰን አቆምነው። ለማንም አልነገርንም። ምን ይባላል? ማንም አልሞተም።

ከሁለት ወር በኋላ መሰብሰቢያው ክፍል ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ እሸቶቹ ተላጡ። እኔ መብራት ልቀይር መሰላል ላይ ነበርኩ። የመካኖቹ ቆረቆንዳ አንድ በአንድ ራሰ በራ ሆኖ ወጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት። ስምንተኛው ሲላጥ ጥርሱን ሞልቶ ሳቀ። ሁሉም ሲያልቅ ከሃያዎቹ መካኖች ስድስቱ ፍሬ ይዘው ተገኙ። ሁለቱ ግጥም ያሉ፣ ሦስቱ ግማሽ፣ አንዱ ደግሞ አሥራ አንድ ፍሬ ብቻ።

ኃላፊው ተጠራ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጠረጴዛው ላይ እርሳሱ ካልተስተካከለ ሥራ የማይጀምር ዓይነት ነው። ቆሎ የምታህለውን ፍሬ በጥፍሩ ነቅሎ አያትና ከመካን ፍሬ አይወጣም አለ። ከወጣ ከውጭ ብናኝ ገብቷል ማለት ነው፤ ብናኝ ደግሞ በከረጢት ውስጥ ራሱ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚገባው። የዚያ እጅ ባለቤት ማን እንደሆነች ሳይናገር ሁሉም ዞሮ እትዬን አያት። ከዚያም ፍርዱን ሰጠ። ያለፉት ሁለት ዙሮች ዘርም በዚያው እጅ የተዳቀለ ስለሆነ ሊታመን አይችልም፤ ዓርብ ዕለት ከሕንፃው ጀርባ ባለው በርሜል ሁሉም ይቃጠላል። አዋላጅ ደግሞ ጡረታዋ እስኪደርስ ወደ ከረጢት ማከማቻው ትዛወር። ተመራማሪዋ አልተከራከረችም። ሁለት ዓመቷ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲፈርስ ያየች ሰው ምን ትከራከራለች? ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቷን ሸፈነች። እትዬ ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

እኔስ? እኔ መሰላሉ ላይ ነበርኩ። ባልዲዎቹን ማዛወራችንን ያን ጊዜ ብናገር የቺንጋው ነገር ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ እኔ ያን ቀን ከአምፖሉ ጋር ተጣብቄ ቀረሁ። ደግሞም ባልዲ ማዛወርና መካን መውለድ ምን አገናኘው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ባልዲው ቢዛወርም በቆሎው ያው በቆሎ ነው። እንዲህ ብዬ ነው የወረድኩት።

እሑድ እንደ ልማዴ ወንድሜ ቤት ምሳ በላሁ። ሁለት ክፍል ናት ቤታቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤ ወንድሜ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ መስኮቷ አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፉትን ሾፌሮች ሲተች ይውላል። ያን ቀን ግን ሚስቱን ነበር የሚያየው። ምድጃውን ማጥፋቷን ተነስታ አየች፣ ተቀመጠች፣ ተነስታ ደግማ አየች። በሩን ሁለቴ ፈተነችው። ጨው መጨመሯን ረስታ እኔን አስቀመሰችኝ። እጇን ስትታጠብ በጣም ቆየች። ወንድሜ «እሱ ሳይደግስ አይጣላም» አላት። ደጋሹ መቼ ነው የሚጠራን ብዬ ልቀልድ ፈለግኩ፣ አልወጣልኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የእኔ ሆድ ያውቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዘሩ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ከማከማቻው ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ስትሄድ አየኋት። ተከተልኳት። በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ ተመራማሪዋም ውስጥ ናት፣ ከኃላፊው ጋር የማቃጠያውን ወረቀት ልትፈርም። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ ቆምኩ።

እትዬ ቆማ ነው የተናገረችው። ክልክል መሆኑን እያወቀች ስድስት ባልዲዎችን ወደ እርጥቡ ግድግዳ ማዛወሯን ተናገረች፣ እየጠወለጉ ስለነበር ነው አለች፣ በኋላም መልሼ አቁሜያቸዋለሁ አለች። ብቻዬን ነው ያዛወርኩት አለች። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ባልዲ ብቻዋን! ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላም ነገር ጨመረች፤ ይህንን እኔም አላውቅም ነበር። መካኖቹን ስታራግፍ እንደ ሌሎቹ የከረጢታቸውን ውስጥ አታይም፤ ባዶ መሆኑ የታወቀ ከረጢት ማን ያያል? ውስጡን ሳታይ ገልብጣ ጸጉሩ ላይ ትመታዋለች። የአንዷ ከረጢት ግን በአጋጣሚ ተከፍቶ ውስጡ ቢጫ ብናኝ አየች። መካን ብናኝ አይሰጥምና ከራሴ እጅ የመጣ ነው ብላ አሰበች። ሃያ ስድስት ዓመት ተጠንቅቄ አሁን እጄ ከዳኝ ብላ ደነገጠች። ጠርጋ ሸፈነችው። ለማንም ሳትናገር፣ በተጠረጠረ ላይ የሚታሰረውን ቀይ ክርም ሳታስርበት አለፈች።

«ልጅቷ ሥራዋ የተቃጠለው በእኔ እጅ ከሆነ ማወቅ አለባት» አለች። «ሌላ ሰው ላይ ጥርጣሬ እንዳይሄድ ነው የመጣሁት። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

የኃላፊው ፊት ጠቆረ። ከመቅላቱ መጥቆሩ ይብሳል። ልፍረም አልፍረም ሳይል ብዕሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው። ተመራማሪዋ ግን ወንበሯን ገፍታ ተነስታ ነበር።

«የትኞቹን ስድስት ነው ያዛወርሻቸው?»

እትዬ ቁጥሮቹን ጠራቻቸው። ቁጥር አትረሳም። ተመራማሪዋ ደብተሯን ገልብጣ በጣቷ እየተከተለች ሰማቻት። ጣቷ ስድስት ጊዜ ቆመ። ፍሬ ይዘው የተገኙት እነዚያው ስድስት ነበሩ፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልበዛ። አሥራ አንድ ፍሬ ብቻ የያዘችው የት ቦታ ነበረች ብላ ጠየቀች። ቦታ ስለጠፋ ከግድግዳው ራቅ ብላ ዳር ላይ ነበረች አለቻት እትዬ። ስንት ቀን ቆዩ? አሥራ ሁለት። ስንት ዲግሪ ነበር እዚያ? እትዬ ይህንን አታውቅም።

እኔ አውቃለሁ። በየጠዋቱ የፓምፑን ሳጥን ስፈትሽ ግድግዳው አጠገብና ቤቱ መካከል የተሰቀሉትን ቴርሞሜትሮች አይቼ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ የሥራ ግዴታዬ ነው፣ ያንን ካርድ እስከዚያን ቀን ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እግሬ እንዴት እንዳስገባኝ አላውቅም። በሩን ገፋሁና ከእሷ ጋር ያዛወርኩት እኔ ነኝ፣ ቺንጋውንም ያስበጠስኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወደ ፓምፑ ክፍል ሮጬ ካርዱን አመጣሁ። በግድግዳው በኩል ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ። የቤቱ መካከል ከሃያ ስምንት ወርዶ አያውቅም፤ በእነዚያ ቀናት ሠላሳም አልፏል።

ተመራማሪዋ ካርዱን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ነው ፈጣን አነጋገሯ የተመለሰው። አበባው አገዳው ውስጥ እየተሠራ ነበር፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተወሰደ፤ ምናልባት ያ ቆራጭና ቁርጥራጮቹ የግድ የሚያስፈልጉት ሙቀት ሲሆን ነው፤ ምናልባት ቀዝቀዝ ሲል ያለ እነሱም አበባው ይወጣዋል። ምናልባት ከውጭ የገባ ምንም የለም። «ምናልባት» ባለች ቁጥር ኃላፊው እርሳሱን አንድ ጊዜ ያስተካክል ነበር። በመጨረሻ ማረጋገጫው ምንድን ነው አለ።

ማረጋገጫው ቀላል ነበር። ፍሬዎቹን እናብቅላቸው አለች። ከጤነኛ በቆሎ የመጣ ብናኝ ከሆነ ጤነኛው ጂን በችግኞቹ ውስጥ ይገኛል፣ መደበቂያ የለውም። የራሳቸው ብናኝ ከሆነ ግን በአንዱም ውስጥ አይገኝም። አሥር ቀን ብቻ ስጡኝ አለች።

ኃላፊው ማቃጠሉን አቆመ። እኛን ግን አልማረንም። እኔን በጽሑፍ አስጠነቀቀኝ፤ ይገባኛል። እትዬ ውጤቱ እስኪመጣ ከማከማቻው አትወጣም አለ። ከቢሮው ስንወጣ ይቅር በይኝ አልኳት። መሰላሉ ላይ ሆነህ አምፖሉን አራት ጊዜ ፈትተህ ስትገጥም እያየሁህ ነበር አለችኝ። ከዚያ በላይ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥር ቀን ረጅም ነው። በማከማቻው ውስጥ መስኮት የለም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የታጠፈ ወረቀት ነው። እዚያ ተቀምጣ ከረጢቶቹን መቶ መቶ እያደረገች ታስር ነበር። ምሳ ሰዓት ልጠራት ስሄድ አንዱን መቶ ፈትታ እንደገና ስትቆጥረው አገኘኋት። ትክክል ነበር። ሌላውን ፈታች። እሱም ትክክል ነበር። ምን እያደረግሽ ነው ስላት ጊዜ እያሳለፍኩ ነው አለችኝ፣ አመንኳት። ችግኞቹ በአራተኛው ቀን ብቅ አሉ። በስምንተኛው ቀን ተመራማሪዋ ከእያንዳንዱ ቅጠል የጥፍር ያህል እየቆረጠች ወሰደች። ወንድሜ በየማታው ስልክ ደውሎ «ምን አሉ?» ይለኛል፣ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እሷን ለመጠየቅ ፈርቶ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ማከማቻው በር ላይ ቆሜ የመብራት ሶኬት ስጠግን ተመራማሪዋ እየሮጠች መጣች። ላቦራቶሪ ውስጥ መሮጥ ክልክል ነው፤ ኃላፊው ከኋላዋ ነበር፣ ምንም አላላትም። ወረቀቱን ዘረጋችልን። አርባ ችግኝ ተመርምሯል። በአርባዎቹ ሁሉ ውስጥ ጤነኛው ጂን የለም። አንድም ቦታ። ስድስቱ በቆሎዎች የወለዱት ከራሳቸው ነው። ከውጭ በእጅም በነፋስም የገባ ብናኝ የለም። ሙቀት ላይ መካን፣ ቀዝቃዛ ላይ ወላጅ፤ በሚቀጥለው ዙር ሆን ብላ ግማሹን ግድግዳው ሥር፣ ግማሹን መካከል ላይ ልታቆመው ነው። የመካኑን ዘር ከየት ታመጡታላችሁ ላልሽው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ወስዶ ራሱን ማስወለድ ነው አለቻት። እኔ እፎይ ብዬ ሶኬቱ ላይ ተደገፍኩ፤ ደግነቱ ኤሌክትሪኩን አጥፍቼው ነበር።

እትዬ በእጇ የከረጢት እስር ይዛለች። አላስቀመጠችውም።

ኃላፊው ወደ ውስጥ ገባ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ትከሻው ወረቀቱን ነካው። «እጅሽን የጠረጠርኩት በሰው ፊት ነው» አላት። «ስለዚህ በሰው ፊት ልናገር መጣሁ። እጅሽ አልተሳሳተም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሽርጥሽን ወስደሽ ወደ ቦታሽ ተመለሺ።»

ደስ ይላታል፣ ትስቃለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን የከረጢቱን እስር መደርደሪያው ላይ አድርጋ ሁለቱን እጆቿን አየቻቸው፣ መዳፏን፣ ከዚያ ጀርባውን።

«እርስዎ የጠረጠሩት እሸቱ ከተላጠ ወዲህ ነው» አለችው። «እኔ ያንን ቢጫ ነገር ካየሁበት ጠዋት ጀምሮ እጄን አላመንኩትም። ሁለት ወር ሙሉ። እጄ አረጀ፣ ከእንግዲህ የሰው ልፋት አበላሻለሁ ብዬ፣ ውጤቱ ሳይመጣ መልቀቂያዬን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር።»

እውነትም ከኪሷ አወጣችው። አራት ታጥፎ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት። በየእሑዱ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጬ የበላሁ ሰው፣ ምድጃውን ሁለቴ ስታይ ያየሁ፣ ከረጢቱን ስትቆጥር ያየሁ፣ ይህንን አላወቅኩም። ወንድሜም አያውቅም። ኃላፊው እጁን ዘረጋና ወረቀቱን ተቀበላት፤ ሳያነበው ለሁለት ቀደደው፣ ቁርጥራጩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ በኋላ ነው እትዬ ያለቀሰችው። እንባዋንም በእነዚያው እጆቿ ጠረገችው። ሥራ ብዙ ነበር፣ ማንም ግን አላጣደፋትም፤ እስክትጨርስ ሦስታችንም እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመን ጠበቅናት።